በጭብጨባ መሀል የሞተው ካዲ

ካዲው ፀሐዩ ሲወድቅ ሕዝቡ እያጨበጨበ ነበር።

ጭብጨባው ለእሱ አልነበረም። ሱሃይብ ጀላልዲን በአሥራ ስምንተኛውና በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ኳሷን ከሰባት እርምጃ ገፍቶ አስገባት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳር ያለው የጎልፍ ሜዳም በአንድ አፍ ጮኸ። ካዲው ፀሐዩ፣ ቦርሳ ተሸክሞለት ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚዞረው፣ ርቀት የሚለካለትና ነፋስ የሚያነብለት የልጅነት ጓደኛው፣ ባንዲራውን ወደ ቀዳዳው መልሶ ሰካ። ሁለት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ተንበረከከ። ሰው ሁሉ በደስታ የተንበረከከ መሰለው። ስልኩን አውጥቶ የቀረጸው አለ፤ የሳቀም አለ። አስም ያለበት ሰው አየር አጥቶ ሣር ሲቧጥጥ ሁለት ሺህ ሰው አጨበጨበ።

ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ አብርሆት ሜዳው ስትደርስ የሰኔ ፀሐይ ገና አልበረደችም። አብርሆት አጭርና ቀጭን፣ አርባ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ናት። ሌላ ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ እሷ ስትናደድ ድምፅዋ ይወርዳል። የሚያውቋት ባልደረቦቿ በሹክሹክታ ስታወራ ካዩ መንገድ ይለቁላታል።

የአምቡላንሱ ሠራተኛ ወረቀቱን ሰጣት።

«አስም ነው» አላት። «ኢንሄለሩን እጁ ላይ አገኘነው። ባዶ እስኪሆን ነፍቶታል፤ ምንም አልረዳውም።»

«የልብ ምቱ አርባ ስምንት ይላል።»

«አዎ። ሁለቴ ለካሁት።»

«አየር ያጠረው ሰው ልቡ ይጋልባል። ኢንሄለሩ ራሱ ልብ ያስሮጣል። ያን ሁሉ ነፍቶ አርባ ስምንት?»

ሰውየው ትከሻውን ሰበቀ። «እኛም ግራ ገብቶን ‹ሌላ የወሰደው መድኃኒት አለ?› ብለን ጮኸን ጠየቅን። ‹ከኢንሄለሩ በቀር ምንም አልወሰደም› የሚል የወንድ ድምፅ ከጀርባዬ ሰማሁ። ዞሬ ለማየት ጊዜ አልነበረኝም።»

አብርሆት ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። «የገደለው አስም ከሆነ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልቡን ማን ያዘበት?»

የደሙ ናሙና በችኮላ እንዲመረመር ለሆስፒታሉ ደወለችና ወደ ውስጥ ገባች።

የውድድሩ ኃላፊ በሩ ላይ ጠበቃት። ነጭ ቆብ፣ በፀሐይ የቀላ ፊት። «ሚስተር ጀላልዲን በአንድ ምት እየመራ ነው» አላት። «ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ከምሳ በኋላ 1፡50 ላይ መነሻው ላይ መቆም አለበት። አምስት ደቂቃ በቅጣት እንታገሣለን፤ ከዚያ በኋላ ይሰረዛል።»

«ሰው ሞቷል እኮ።»

«ከልብ እናዝናለን። ቢሆንም 1፡50 ነው።»

በዚያ አካባቢ ሱሃይብን የማያውቅ ሐበሻ የለም። በትልልቅ ውድድሮች ሦስት ጊዜ ዋንጫ አፉ ላይ ደርሶ ተመልሷል። አንዴ ከአንድ ክንድ ርቀት ስቶ፣ አንዴ በመለያ ጨዋታ፣ አንዴ ኳሷ የቀዳዳውን ጠርዝ ዞራ ወጥታ። ሦስቱንም ጊዜ በመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች ላይ እጁ ሲንቀጠቀጥ ቴሌቪዥን አሳይቷል። የፌርፋክስ ታክሲ ነጂዎች «ዳግማዊ ሱሃይብ» የሚል ስም አወጡለት፤ ሁሌ ሁለተኛ ነዋ። በፍቅር ነው የምንለው ይላሉ። በፍቅር የተወረወረ ድንጋይም ይፈነክታል።

ከሪቨርዴል ፓርክ የመጣ አንድ ተመልካች ሳይጠሩት ቀርቦ ቃሉን ሰጠ።

«አሥራ ሁለተኛው ላይ ገመዱን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ሱሃይብ የውሃ ኮዳውን ለካዲው ሰጠና በአማርኛ ‹ጠጣው አልኩህ! ጠብታ እንዳታስቀር!› አለው። ተቆጥቶ ነው። ልጁ ‹ዛሬ ሎሚው መረረኝ› እያለ ጨለጠው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ሌላ ሰው ነገረኝ አላልኩሽም።»

ሰዓት ሳይሞላ ወሬው በየስልኩ ተሠራጨ፤ ሱሃይብ ካዲውን መረዘው።

የተጫዋቾች ክፍል ውስጥ ቦርሳው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በጎኑ ሦስት ኮዳዎች አሉ፤ በነጭ ፕላስተር ላይ 6፣ 12፣ 18 ተብሎ ተጽፎባቸዋል። አብርሆት አንድ በአንድ ከፍታ አሸተተች። የስድስተኛው ባዶ ነው፤ ዝቃጩ ሎሚ ሎሚ ይላል። የአሥራ ስምንተኛው ግማሽ ድረስ የሎሚ ውሃ አለው። የአሥራ ሁለተኛው ግን እስከ አፉ ሞልቷል፤ ምንም የማይሸት ንጹህ ውሃ ነው።

የተጨለጠ ኮዳ ራሱን አይሞላም።

«ኮዳዎቹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ» አለ ቢራቱ ገና ሳይቀመጥ። የሱሃይብ አሠልጣኝ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረ። በአሌክሳንድሪያ መለማመጃ ሜዳ ኳስ ሲለቅም ጎልፍን በዓይኑ የተማረ ሰው ነው። «ውሃ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ስኳር። ጠዋት እሞላና አግዳሚ ወንበሩ ላይ እደረድራቸዋለሁ። እኛው ነን የምናልፍበት፤ ሱሃይብ፣ ፀሐዩ፣ ልዑልሰገድ፣ አባትየው፣ እህትየው፣ እኔ። ማሰር ከፈለግሽ እጄ ይኸው፤ ወሬ አታብዢ።»

«ጠዋት ፓርኪንጉ ላይ ከሱሃይብ ጋር ተጯጩኸዋል ይባላል።»

«ተጯጩኸናል።»

«በምን ጉዳይ?»

«የሱና የፈጣሪው ጉዳይ ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እሱ ሙስሊም ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምስጢሩን ለማንም አላወጣሁም፤ ዛሬ ለፖሊስ አልጀምርም።»

«ጋሽ ቢራቱ፣ ሰው ሞቷል።»

«መሞቱን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ኳስ ስለቅም ሁለቱ ልጆች ባልዲ ይዘው ይከተሉኝ ነበር! አምቡላንሱ ውስጥ አብሬው የገባሁት እኔ ነኝ። እጄን ይዞ ነው የሞተው። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ ይህን ግን አልነግርሽም።»

ተነሥቶ ወጣ። አብርሆት አላስቆመችውም።

ልዑልሰገድ ግን አልጮኸም። እሱ ሰዎችን እንዳይደናገጡ እያስተማረ የሚኖር ሰው ነው። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ድምፁ ቅቤ የሆነ፣ የሱሃይብ የአእምሮ አማካሪ። ጫናን ስለመቋቋም መጽሐፍ ጽፏል፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ የሱሃይብን ድል እየጠበቀ ነበር።

«እህት አብርሆት፣ በመጀመሪያ ጥልቅ ትንፋሽ እንውሰድ።»

«እኔ አየር አላጠረኝም። ይቀጥሉ።»

«እሺ። ሱሃይብ ችሎታ አያንሰውም፤ ሥርዓት ነው የሚያንሰው። እኔ ሥርዓት ሠራሁለት። በየስድስት ቀዳዳው ይቆማል፣ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ኮዳውን ይጨርሳል። እኔ ከገመዱ ውጭ ሆኜ እከታተለዋለሁ። ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ላይ እንዳልኩት አደረገ። ከዚያ በኋላ እጁን አይተውልኛል? ድንጋይ! አሥራ ስምንተኛው ላይ መድፍ ቢተኮስ አይበረግግም ነበር።»

«ሲጠጣ አይተዋል?»

«በዓይኔ። ኮዳውን አፉ ላይ ሲገለብጠው አይቻለሁ።»

«ተመልካቹ ፀሐዩ ጠጣው ይላል።»

ልዑልሰገድ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። «የተረፈችውን ቀምሶ ይሆናል። ዋናው ነገር ልጃችን ነገ መጫወት አለበት። ይህን ኀዘን ወደ ጉልበት መቀየር እንችላለን።»

አብርሆት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አንዳንድ ሰው አፉን ሲከፍት ክፍሉ ይቀዘቅዛል።

ሱሃይብን የጠየቀችው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ በአፉ ዳር ነጭ ነገር ደርቋል። ፊቱ ያለውን ብርጭቆ ውሃ ካቀረቡለት ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ አልነካውም። ዓይኑ ከመስኮቱ አይነቀልም። አብርሆት ጥያቄዋን ትታ እሷም ወደ መስኮቱ አየች። የመጨረሻው ብርሃን ከዛፎቹ ጀርባ ሲወርድ ልጁ «ቢስሚላህ» ብሎ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አነሣ። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«የዐረፋ ጾም ነው ለካ» አለች አብርሆት።

«የእናቴ ስለት ነው። ዊንተር ላይ ነው የሞተችው።» ድምፁ እንደ አሸዋ ሻካራ ነበር። «ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ጠብታ አልቀመስኩም።»

«በዚህ ሙቀት አሥራ ስምንት ቀዳዳ? ለምን ደበቅከው?»

«ብስት ‹ጾሙ ነው› ይላሉ፤ ባገባ ደግሞ ‹እኛ ነን› ይላሉ። እኔ የትም ቦታ የለሁም! ሦስት ጊዜ ሁለተኛ ስወጣ ሦስቴም ሰው ሁሉ ያመመኝን የሚያውቅ ዶክተር ሆነ። ስለዚህ ዝም አልኩ። አይ ጀስት… ዝም አልኩ።»

«ኮዳውስ?»

«ከንፈሬን ዘግቼ አፌ ላይ እገለብጠዋለሁ። ዞር ስል ፀሐዩ ይጨርሰዋል። ፕላኑ የሱ ነው። ‹አንተ ጹም፣ እኔ ልወፍርልህ› ይለኝ ነበር።» ሊስቅ ሞከረና አቃተው። «አሥራ ሁለተኛው ላይ መረረኝ አለ። እያዩን ነው ብዬ ጮኽኩበት። ጠጣው አልኩት። እኔ ነኝ ጠጣው ያልኩት!»

«ጾሙን ለማን ነገርክ?»

«ለፀሐዩ ብቻ። አባቴና እህቴ ጠይባ ያው ያውቃሉ፤ ሌሊት ሱሑር አብረን ነው የበላነው። ፈልጌ ሌላ ለማንም አልነገርኩም።»

እሑድ ጠዋት ውጤቱ መጣ። በፀሐዩ ደም ውስጥ ፕሮፕራኖሎል የሚባል፣ የልብ ምት የሚያዘገይና የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያስታግስ መድኃኒት ተገኘ። የአብርሆት አለቃ ወዲያው ደወለ።

«የተጫዋቹ አባት ይህንኑ መድኃኒት ይወስዳል። ኮዳው የልጁ ነው። ‹ጠጣው› ሲል የሰማ ምስክር አለ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እስከ 1፡50 ስጠኝ።»

ድልድዩን ተሻግራ አሌክሳንድሪያ ስትገባ በአፓርታማዎቹ መሀል ልጆች የዒድ ልብስ ለብሰው ይሯሯጣሉ። የጀላልዲን በር ላይ ግን ማንም አልነበረም። በሌላ ዓመት በዚህ ሰዓት ጫማ የሚቀመጥበት ቦታ ይጠፋ ነበር። ወሬው ከእንግዳ ቀድሞ ደርሷል።

ጀላልዲን ራሳቸው ከፈቱ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው፣ ሠላሳውን ታክሲ ነድተዋል። እጃቸው በበሩ እጀታ ላይ ይርገፈገፋል።

«አባባ ጀላልዲን፣ ዒድ ሙባረክ ልበልዎ ወይስ ነፍስ ይማር?»

«ሁለቱንም በይ ልጄ። ሁለቱንም የሚለን ሰው አጥተናል።»

ልጃቸው ጠይባ ከጓዳ ወጣች። መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የአባቷን ክኒን የምትቆጥረው እሷ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ አንደበቷ ግን ስለት ነው።

«ወንድሜን ልትወስጂ ከሆነ አባቴ ፊት አታድርጊው።»

«ክኒኑን አሳዪኝ።»

ጠይባ ብልቃጡን አመጣች። «ረቡዕ ማታ ሠላሳ ፍሬ ሞላሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ሰባት ወስዷል፤ ሃያ ሦስት መቅረት ነበረበት።» ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ በጣቷ እየገፋች ቆጠረች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። «አሥራ ዘጠኝ።»

«አራት ጎድሏል። ይህን ቁጥር ሦስታችን ብቻ እንወቀው» አለች አብርሆት። «ከረቡዕ ወዲህ ማን ገብቷል?»

«ሐሙስ ሁሉም እዚህ እራት በሉ። ቢራቱም፣ ልዑልሰገድም፣ ፀሐዩም።» ጠይባ አፏን በእጇ ያዘች። «ፀሐዩ ያቺን ብልቃጥ አንሥቶ ‹አባባ፣ እኔም እንዲህ ልረጋጋ፣ አንድ ፍሬ ይስጡኝ› ብሎ ቀለደ። እጁን መታሁት። ‹አስም ላለበት ሰው ይኼ መርዝ ነው፣ አንዷም ትበቃሃለች› አልኩት። ሁሉም ሰምተው ሳቁ።»

«ልዑልሰገድ ስለ ክኒኑ ጠይቆኝ ነበር» አሉ ጀላልዲን። «‹በእርግጥ እጅ ያረጋጋል?› አለኝ። ቢራቱም እዚያው ነበር። ‹ከዋጥኩት በኋላ ሰዓት ሲሞላው መርፌ እሰካለሁ› አልኳቸው። ሰው ጠየቀ፣ መለስኩ። ምን ላድርግ?»

«ምንም አላጠፉም» አለች አብርሆት። ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማ ነበር። «ይልበሱ። አብረን እንሄዳለን።»

ከምሳ በኋላ 1፡10 ላይ ሁሉም በተጫዋቾች ክፍል ተሰበሰቡ። ጀላልዲንና ጠይባ ሶፋው ላይ፣ ቢራቱ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ልዑልሰገድ እግሩን አነባብሮ፣ ሱሃይብ ቆሞ። የውድድሩ ኃላፊ ሰዓቱን ያያል፤ በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች አሉ።

«ትንሽ ታገሡኝ» ብላ ጀመረች አብርሆት። «ፀሐዩ የሞተው በአስም ነው። ግን አስሙን የቀሰቀሰው፣ ኢንሄለሩንም ዋጋ ያሳጣው የአባባ ጀላልዲን ክኒን ነው። የተሰጠውም በአሥራ ሁለተኛው ኮዳ ነው። ውሃው መርሮ ነበር፤ ኋላም ኮዳው ታጥቦ በንጹህ ውሃ ተሞልቷል። ሌሎቹን ኮዳዎች ያጠበም የሞላም የለም።»

«ታዲያ ተመልካቹ…» አለ ኃላፊው።

«ወደሱ እመጣለሁ። ሱሃይብ ትናንት ጾመኛ ነበር። አንድ ጠብታ አልጠጣም። የጠጣ እያስመሰለ ፀሐዩ ነበር የሚጨርስለት።»

ልዑልሰገድ እግሩን አወረደ።

«እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ክኒኑ የታሰበው ለፀሐዩ ነው፣ ወይ ለሱሃይብ። ለፀሐዩ ከሆነ አንዷ ትበቃ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ሁላችሁም ሰምታችኋል። በየትኛውም ኮዳ ቢሆን ያው ነው፤ ሦስቱንም የሚጠጣው እሱ ነበርና። ገዳዩ ግን ብዙ ፍሬ ፈጨ፤ ከሦስቱም አሥራ ሁለተኛውን መረጠ። ለምን?» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ክኒኑ ከስንት ጊዜ በኋላ ይሠራል?»

«ሰዓት ሲሞላው።»

«ከአሥራ ሁለተኛው ቀዳዳ አንድ ሰዓት ሲቆጠር የት ይደረሳል ጋሽ ቢራቱ?»

«አሥራ ስድስተኛው፣ አሥራ ሰባተኛው አካባቢ» አለ ቢራቱ። ዓይኑ መቅላት ጀምሯል። «ሁሌ እጁ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ።»

«ሦስት ዋንጫ የጠፋበት ቦታ። ስለዚህ ክኒኑ የተፈጨው ለመግደል አልነበረም፤ የሱሃይብን እጅ ለማሰር ነበር። ጎልፍ ላይ የተከለከለ መድኃኒት ነው። ልጁ ቢጠጣውና ቢመረመር ኖሮ ስሙ ለዘላለም ይቆሽሽ ነበር። ይህን ያደረገው ሰው ሱሃይብ እንደሚጠጣ ያምን ነበር። ጾሙን የሚያውቅ ሰው በጾመኛ ኮዳ ውስጥ መድኃኒት አይጨምርም። አባባ ጀላልዲንና ጠይባ ያውቁ ነበር። ጋሽ ቢራቱ፣ አሁንስ ይነግሩኛል? ፓርኪንጉ ላይ በምን ተጣላችሁ?»

ቢራቱ ሱሃይብን አየው። ሱሃይብ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«ቁርስ እንቢ ሲለኝ ገባኝ። ‹ራስህን ልትገድል ነው ወይ› ብዬ ጮኽኩበት። ‹የእናቴ ነው› አለኝ። ከዚያ ምን እላለሁ? እጸልይልሃለሁ አልኩት።»

«ያውቁ ነበር። ኮዳው ሲታጠብ ደግሞ አምቡላንስ ውስጥ የፀሐዩን እጅ ይዘው ነበር።» አብርሆት ልዑልሰገድ ወደተቀመጠበት ወንበር ቀረበች። «አስመሳዩ ትዕይንት የተዘጋጀው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከገመዱ ውጭ ቆሞ ኮዳው መጠጣቱን ለሚቆጣጠር። ሥርዓት ላወጣ ሰው።»

«ይኼ ግምት ነው» አለ ልዑልሰገድ። ቅቤው ድምፅ አልተሰበረም። «እኔ ሱሃይብን ያረጋጋሁት በሥልጠና ነው። ትናንት እጁን ዓለም አይቶታል።»

«አዎ አይቶታል። ያ እጅ ግን የሱ ነው። ውሃ ጠምቶት፣ ጉሮሮው ደርቆ፣ ያለ እርስዎ ክኒንና ያለ እርስዎ ሥርዓት ከሰባት እርምጃ ያስገባው ብቻውን ነው። የመጽሐፍዎ የመጨረሻ ምዕራፍ ባዶ ነው።»

«ውሸት ነው!» ልዑልሰገድ ተነሣ። «ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት እየተንቀጠቀጠ ሲያዋርደኝ! ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ያረጋጋሁት እኔ ነኝ! ተካፍለው ጠጥተውት ነው እንጂ… አራት ፍሬ ብቻ ነበር! አራት ፍሬ ጤነኛ ሰው አይገድልም!»

ጠይባ ቀስ ብላ ከሶፋው ተነሣች። «አራት መሆኑን ማን ነገረህ?»

ልዑልሰገድ ወደ በሩ አየ።

«ማንም» አለች አብርሆት። አሁን የምትናገረው ሰዎቹ እንዲሰሟት ሳይሆን እሱ ብቻ እንዲሰማት ይመስል ነበር። አንቱታውም ቀረ። «ክኒኑን ስትፈጭ ሞኝ ነበርክ። ለሞኝነት የተለየ ፍርድ ቤት አለ። የልብ ምቱ አርባ ስምንት ነው ሲሉ ስትሰማ ግን ገባህ፤ ሐሙስ ሰምተሃል። ‹ሌላ የወሰደው አለ?› ብለው ጮኹ። ክኒኑን የሚያረክስ መድኃኒት አምቡላንሱ ውስጥ ነበር፤ ስሙን መናገር ብቻ ነው የቀረው። አንተ ‹ምንም አልወሰደም› አልክ። ከዚያ ሄደህ ኮዳ አጠብክ።»

«ቢታወቅ ሱሃይብ ይታገድ ነበር… ለእሱ ብዬ…»

ቢራቱ ኮሌታውን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። «እጄ ውስጥ ነው የሞተው! አንተ ትንፋሽ አስተማሪ! እጄ ውስጥ!» ፖሊሶቹ በግድ አላቀቋቸው። ካቴናው ሲታሠር ልዑልሰገድ ለመተንፈስ እየሞከረ ነበር፤ ሦስት ጊዜ፣ በረዥሙ። አልሆነለትም።

ሲያስወጡት ሱሃይብ አብርሆትን ጠየቃት። «ይድን ነበር?»

ልትዋሽለት ፈለገች። «ሐኪሙ ዕድሉ ሰፊ ነበር ብሏል።»

ጀላልዲን ፊታቸውን በጀለቢያቸው እጅጌ ሸፈኑ። ሱሃይብ አላለቀሰም። ጓንቱን እጁ ላይ አጠለቀ።

«1፡41» አለ ኃላፊው። «ትጫወታለህ?»

«እጫወታለሁ።»

«ቦርሳውን ማን ይይዛል?»

ቢራቱ መልስ ሳይሰጥ ቦርሳውን አነሣ። ያረጁ ጉልበቶቹ ጮኹ።

መነሻው ላይ ሰዉ ከትናንቱ በዝቷል። የሞተውን ሊያስብ የመጣ አለ፤ ገዳይ ሊያይ የመጣ አለ፤ «ዳግማዊ!» የሚልም አልጠፋም። ወሬው ገና አልተቃናም። ሱሃይብ 1፡48 ላይ ገመዱን አልፎ ገባ። ኃላፊው ቆቡን አወለቀና ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ክቡራን፣ ትናንት ላጣነው ለሚስተር ሴሀዩ መታሰቢያ የአንድ ደቂቃ ጸጥታ…»

«ኖ» አለ ሱሃይብ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ማይክሮፎኑን ከሰውየው እጅ ወሰደ።

«ጸጥታ አንፈልግም። የገደለው ጸጥታ ነው። የሚያውቅ ሰው ዝም አለ፤ እናንተ ደግሞ እየሞተ አጨበጨባችሁ። ስሙ ፀሐዩ ነው። ሴሀዩ አይደለም። ጥሩት።»

ጎልፍ ላይ ተጫዋች ኳስ ላይ ሲቆም ሳል እንኳ ይታፈናል። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ኀፍረት በያዘው ድምፅ «ፀሐዩ» አለ። ከዚያ ከወዲያኛው ገመድ ጠይባ በእንባ ጮኸች፤ ሐበሾቹ ተቀበሏት፤ ፈረንጆቹም ፊደሉ እየከበዳቸው ተከተሉ። ስሙ እየተሰባበረ፣ እየተቃና ሜዳውን ሞላው። ኃላፊው ጸጥ ለማስባል እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ማንም አላየውም።

ሱሃይብ ማይክሮፎኑን ሣር ላይ አስቀመጠና ኳሷ ላይ ቆመ። ጩኸቱ እስኪበርድ አልጠበቀም። ዱላውን አነሣ፤ መታት።